ሐሙስና እሁድ የምትመጣው አውሮፕላን

በቤታችን ማቀዝቀዣ በር ላይ ከቤተ ክርስቲያን የተሰጠን የቀን መቁጠሪያ ተለጥፏል። በዓላቱና አጽዋማቱ በቀይ ቀለም የታተሙ ሲሆን፣ ባለቤቴ ደግሞ ወር በገባ ቁጥር ሐሙሶቹንና እሁዶቹን በሰማያዊ እስክሪብቶ ትከብባቸዋለች። በሰማያዊ የተከበቡት ከምንኖርባት ከሱ ፎልስ ተነስቶ መንገድ ላይ ሳያርፍ ላስ ቬጋስ የሚገባው አውሮፕላን የሚበርባቸው ቀናት ናቸው። ወቅት ሲለወጥ በረራው ወደ ዓርብና ሰኞ የሚዛወርበት ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ እርሷም ክቦቿን ታዛውራለች።

በረራውን የሚያካሂደው አሊጃንት የተባለው በአነስተኛ ዋጋ የሚያጓጉዝ አየር መንገድ ነው። ዋሽንግተን ወይም አትላንታ የሚኖር ወገን ይህን ሲያነብ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚበር አውሮፕላን ምን ተብሎ ይጻፍለታል ብሎ ሊገረም ይችላል። እርሱ ዘመድ ለመጠየቅ ሲያስብ ቀኑን መርጦ ትኬት ይፈልጋል። እኛ ግን መጀመሪያ አውሮፕላኑ የሚነሳበትን ቀን አይተን፣ ከዚያ በኋላ ነው ከሥራ ፈቃድ የምንጠይቀው። ይህ ልዩነት በኑሯችን ላይ ያመጣውን ነገር፣ መልካሙንም ከባዱንም፣ በሚገባ ማስረዳት እፈልጋለሁ።

ሱ ፎልስ የሳውዝ ዳኮታ ትልቋ ከተማ ብትሆንም የሕዝቧ ቁጥር ከ200,000 ብዙም የራቀ አይደለም። ከልዩ ልዩ አገሮች የመጡ ስደተኞች፣ ከእነርሱም መካከል በርካታ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን፣ በስጋ ማቀነባበሪያ ፋብሪካዎች፣ በሆስፒታሎችና በአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች እየሠሩ ይኖሩባታል። ቤት እንደ ትልልቆቹ ከተሞች አይወደድም፤ ልጅ ለማሳደግም የተረጋጋች ናት። የሚጎድለን ዘመድ ነው። ብዙዎቻችን እዚህ የደረስነው ሥራ ተከትለን ነው፤ እህት ወንድሞቻችን ደግሞ ሌላ ሥራ ተከትለው ላስ ቬጋስ ገብተዋል። እዚያ በታክሲው፣ በሆቴሉና በካዚኖው የተሰማራው ወገናችን ብዛት ከፍተኛ ከመሆኑ የተነሳ፣ የክላርክ ካውንቲ አስተዳደር በ2023 አንዱን የንግድ አካባቢ ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ ሰይሞለታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በመኪና ሳይቆሙ ቢነዱ እንኳ ወደ 20 ሰዓት ይጠጋል። ቀጥታ በረራውን ከማወቃችን በፊት ሁለት አማራጮች ብቻ ነበሩን። አንደኛው በዴንቨር ወይም በሌላ ትልቅ ማረፊያ በኩል አውሮፕላን ቀይሮ መሄድ ሲሆን፣ ዋጋው ለአንድ ሰው እንኳ የሚከብድ በመሆኑ አምስት ሆነን ልንሞክረው አንችልም ነበር። ሁለተኛው ኦማሃ ወይም ሚኒያፖሊስ ድረስ ሦስትና አራት ሰዓት ነድቶ ከዚያ መሳፈር ነው፤ ይህም በክረምት፣ በረዶው አውራ ጎዳናውን በሚያዘጋበት ወራት፣ ልጆች ጭኖ የሚደፈር መንገድ አይደለም። ስለዚህ አንሄድም ነበር። በስልክ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ በስልክ እግዚአብሔር ያጽናችሁ እያልን ዓመታት አለፉ።

እንዲህ ያለው ችግር የሱ ፎልስ ብቻ አይደለም፤ ታሪካዊ ምክንያትም አለው። እስከ 1978 ድረስ በአሜሪካ የትኛው አየር መንገድ የት እንደሚበርና ስንት እንደሚያስከፍል የሚወስነው መንግሥት ነበር። በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ ይህን ቁጥጥር አነሳ። ውድድሩ በትልልቆቹ መስመሮች ላይ ዋጋን ቢቀንስም፣ ኩባንያዎቹ አውሮፕላኖቻቸውን በጥቂት ዋና ማዕከላት ስላከማቹ ትናንሾቹ ከተሞች ወደ ማዕከል የሚመግቡ ቅርንጫፎች ሆነው ቀሩ። ፈጽመው እንዳይረሱ በዚያው ጊዜ የድጎማ ፕሮግራም ተቋቁሟል፤ በእኛው ግዛት ያሉት ፒየርና ዋተርታውን በዚሁ ድጎማ በረራ ያገኙ ከተሞች ናቸው። ድጎማው ግን በትንሽ አውሮፕላን ወደ አንድ ማዕከል ያደርሳል እንጂ ዘመድህ ወዳለበት አይወስድህም።

አሊጃንት የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ኩባንያው በ1997 ዌስትጄት ኤክስፕረስ በሚል ስም ተቋቁሞ፣ ዌስት ጄት የሚለውን ስም ቀድሞ ከያዘ በእኛው ግዛት ራፒድ ሲቲ ከሚገኝ ድርጅት ጋር ባጋጠመው የስም ክርክር ምክንያት በዓመቱ የአሁኑን ስም ያዘ። መነሻው የካሊፎርኒያዋ ፍሬዝኖ ነበረች። በ2000 መጨረሻ በኪሳራ ምክንያት የፍርድ ቤት ጥበቃ እስከ መጠየቅ ደርሶ ነበር፤ በ2001 ከአበዳሪዎቹ አንዱ የነበሩት ሞሪስ ጋላገር ድርጅቱን ተረክበው ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ላስ ቬጋስ አዛወሩ። እኚህ ሰው በ1996 ፍሎሪዳ ውስጥ አውሮፕላኑ ወድቆ 110 ሰዎች ያለቁበት የቫሉጄት አየር መንገድ መሥራቾች ከነበሩት አንዱ ናቸው። ያ ታሪክ ከስማቸው ጋር አብሮ የሚነሳ በመሆኑ መዝለሉን ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም።

ጋላገር የተከተሉት አሠራር ከተለመደው ጋር ሲነጻጸር ግልብጥ ነው። ሌላው አየር መንገድ ብዙ ሰው የሚመላለስበትን መስመር ፈልጎ በቀን ደጋግሞ ይበርበታል። እርሳቸው ማንም በቀጥታ የማይበርበትን፣ በሳምንት ሁለት አውሮፕላን ብቻ የሚሞላ መንገደኛ ያለበትን መስመር ፈለጉ፤ ከሱ ፎልስ፣ ከፋርጎ፣ ከቤሊንግሃም ተነስቶ ወደ ላስ ቬጋስ፣ ወደ ፊኒክስ አካባቢ፣ ወደ ፍሎሪዳ። በዚህም ምክንያት ኩባንያው በአብዛኞቹ መስመሮቹ ላይ ቀጥተኛ ተወዳዳሪ የለበትም። ትልልቆቹን ማረፊያዎች ትቶ ክፍያቸው ቀለል ባሉት በሜሳ፣ በሳንፎርድና በፑንታ ጎርዳ ማረፉም ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

አንድ አውሮፕላን በሳምንት ሁለት ቀን ለሱ ፎልስ፣ ሁለት ቀን ለሌላ ከተማ እየበረ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ደግሞ ቆሞ እየዋለ እንዴት ያዋጣል የሚለው ጥያቄ እኔንም ለረጅም ጊዜ ሲያስጨንቀኝ ነበር። መልሱ ያለው በአውሮፕላኑ ዋጋ ላይ ነው። አዲስ አውሮፕላን በብዙ ዕዳ የገዛ ኩባንያ ዕዳውን ለመክፈል በቀን ከ10 ሰዓት በላይ ሊያበረው ይገደዳል። አሊጃንት ግን ሌሎች የተጠቀሙባቸውን ኤምዲ-80 አውሮፕላኖች በርካሽ ገዝቶ ስለሠራ፣ መቆማቸው የሚያስከትልበት ኪሳራ ትንሽ ነበር። ነዳጅ አብዝተው ቢጠጡም፣ መንገደኛ በሌለበት ቀን ሳያበሩ መዋል ባዶ ወንበር ይዞ ከመብረር ይሻላል። ሠራተኞቹና አውሮፕላኖቹ ማታ ወደ መነሻቸው ስለሚመለሱም የሆቴልና የአበል ወጪ እጅግ ይቀንሳል።

አሮጌ አውሮፕላን የራሱ ጣጣ ነበረው። ብልሽቱ እየበዛ፣ በረራ እየተቋረጠ መጥቶ ጉዳዩ በ2018 በአገር አቀፍ ቴሌቪዥን እስከ መቅረብ ደረሰ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ኅዳር ወር የመጨረሻዎቹን ኤምዲ-80ዎች አሰናብቶ ሙሉ በሙሉ ወደ ኤርባስ ተሸጋገረ፤ በ2022 መጀመሪያ ላይ ደግሞ 50 ቦይንግ 737 ማክስ አዝዞ የመጀመሪያውን በ2024 ተረክቧል። ቤተሰቤን የማሳፍርበት ነገር ስለሆነ ይህን ለውጥ በትኩረት ስከታተለው ቆይቻለሁ፤ በእርግጥም እፎይታ ሰጥቶኛል።

የትኬቱ ዋጋ ዝቅ ያለው ከትኬቱ የተነጠለው ነገር ብዙ ስለሆነ ነው። ወንበር መምረጥ ይከፈልበታል፤ ውኃ ይከፈልበታል፤ ከላይ ባለው ሣጥን የምታስቀምጠው የእጅ ሻንጣ ሳይቀር ይከፈልበታል። በነጻ የሚፈቀደው ከፊትህ ካለው ወንበር ሥር የሚገባ አንድ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። ከነዚህ ተጨማሪ ክፍያዎች የሚገኘው ገቢ ከትኬቱ ከሚገኘው ጋር የሚስተካከል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የግብር ሕጉም ያግዛል፤ የፌዴራሉ መንግሥት ከአገር ውስጥ ትኬት ላይ የሚወስደው 7.5 በመቶ እንደ ሻንጣ ባሉ በመንገደኛው ፈቃድ በሚገዙ አገልግሎቶች ላይ አይከፈልም።

ብዙዎች የሚያማርሩበት ይህ አሠራር ለእኛ ትምህርት ቤት ሆኖልናል። ትኬቱን በኢንተርኔት ስትገዛ ለአንድ ሰው በአንድ ጉዞ ወደ 20 ዶላር የሚጠጋ ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ ማረፊያው ድረስ ሄደህ ከመስኮቱ ከገዛህ ግን ይቀርልሃል። ለአምስት ሰው ደርሶ መልስ ሲሰላ 200 ዶላር ገደማ ይሆናል። ማረፊያው ከቤታችን ሩቅ አይደለም፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝነኛ አብራሪ በነበሩት፣ በኋላም የግዛቲቱ አስተዳዳሪ በሆኑት በጆ ፎስ ስም የሚጠራው ነው። የትኬት መስኮቱ የሚከፈትባቸው ሰዓታት የተወሰኑ ስለሆኑ ከሌሊት ፈረቃ እንደወጣሁ የሥራ ልብሴን ሳልቀይር ሄጄ እሰለፋለሁ። አንድ ቀን ከፊቴ የቆሙት አዛውንት ገበሬ፣ አሪዞና ያለችውን የልጅ ልጃቸውን ለማየት በዚሁ መንገድ ሲገዙ ይህ ስድስተኛቸው መሆኑን ነገሩኝ፤ እኔም የመጀመሪያዬ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በተገናኘን ቁጥር ስለ ልጅቷ እጠይቃቸዋለሁ።

የቦርሳውንም ነገር ባለቤቴ ተክናበታለች። የቦርሳውን ልክ በልብስ ሰፊ ሜትር ትለካለች። የአክስቴ በርበሬ በሦስት ላስቲክ ተጠቅልሎ ከታች ይገባል፤ ሽሮው ከላዩ ተዘርግቶ እንዲተኛ በእጇ ትደመድመዋለች፤ የልጆቹ ልብስ እየተጠቀለለ በየጥጉ ይሰገሰጋል። መጨረሻ ላይ ቦርሳውን ከወጥ ቤት ወንበራችን ሥር ታስገባዋለች። ዘንበል ሳይል ከገባ ጉዞው ተቃናልን ማለት ነው። የአምስታችን ቦርሳ እንዲህ ሆኖ ሲዘጋጅ ለሻንጣ አንድ ዶላር ሳንከፍል የአክስቴን የዓመት በርበሬ እናደርሳለን።

የመጀመሪያው ጉዟችን የአክስቴ ልጅ የወለደችውን ሕፃን ክርስትና ለማንሳት ነበር። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስለምትነሳ፣ ቀኑን ማንም አይመርጠውም፤ በተወለደበት ዕለት ተወስኗል። የዚህ ሕፃን 40ኛ ቀን ማክሰኞ ዋለ። ስለዚህ እሁድ ሄደን ሐሙስ ለመመለስ ወስነን፣ ልጁ በተወለደ በሳምንቱ መስኮቱ ላይ ተሰልፌ ትኬቱን ገዛሁ። ሦስት ሰዓት ያህል በርረን ስንደርስ፣ የሁለት ሰዓት የጊዜ ልዩነት ስላለ፣ ለልጆቼ ጉዞው አንድ ሰዓት ብቻ የወሰደ መስሏቸው ነበር። በአካል አይተዋት የማያውቋትን አያታቸውን፣ የኔን አክስት ማለቴ ነው፣ በሩ ላይ ሲያገኟት ትንሿ ልጄ «እትዬ ስልክሽ የታለ?» ብላ ጠየቀቻት። ለካስ ሁልጊዜ በስልክ መስኮት ብቻ ስለምታያት ነው። አክስቴ ያን ቀን ያለቀሰችውን ለቅሶ አልረሳውም።

አውሮፕላኑ ለመዝናኛ ተብሎ የተዘጋጀ ነው። ኩባንያው ራሱን የሚያስተዋውቀው ለሽርሽር መንገደኛ ነው፤ ከትኬቱ ጋር ሆቴልና የኪራይ መኪና አብሮ ይሸጣል። ከእኛ ጋር የሚሳፈረው አብዛኛው ሰው ለሦስት ቀን ፀሐይ ለማየትና ዕድሉን ለመሞከር የሚሄድ ነው። የሽርሽር ቀን የሚመረጥ በመሆኑ በሳምንት ሁለት በረራ ይበቃዋል። ለእኛም ሰርግ፣ ክርስትናና ምርቃት እስከሆነ ድረስ ይበቃናል፤ ወራት ቀድመን እናውቀዋለንና። ለቅሶ ግን ቀን አይጠብቅም።

ባለፈው መጋቢት ሰኞ ማታ ደሴ የሚኖረው አጎቴ ማረፉን ሰማን። አክስቴ አልሰማችም። የአክስቴ ልጆች ደውለው የተናገሩት አንድ ነገር ነው፤ «ደም ግፊቷን ታውቃለህ፤ አንተ ሳትኖር አናረዳትም።» ያሳደገችኝ እርሷ ናት፤ መርዶ ሲነገር ደግሞ ከአጠገቧ ሆኖ የሚይዛት ሰው ማን መሆን እንዳለበት የአገራችን ሰው አይከራከርበትም። ቀጥታ አውሮፕላኑ የሚነሳው ሐሙስ ነው። ሐሙስ ድረስ ስልኳን እንዴት አድርጎ መያዝ ይቻላል? አንድ የሩቅ ዘመድ ደውሎ እግዚአብሔር ያጽናሽ ካላት፣ ብቻዋን ወጥ ቤት ቆማ ልትሰማው ነው። ማክሰኞ ማለዳ በአንድ ትልቅ አየር መንገድ፣ አውሮፕላን ቀይሬ የምሄድበትን ትኬት ገዛሁ። ለእኔ ለብቻዬ የከፈልኩት ለክርስትናው አምስታችን ደርሶ መልስ ከከፈልነው ይበልጣል። መሸጋገሪያው ላይ ሁለተኛው በረራ ሲዘገይ፣ ሲዘገይ ቆይቶ በመጨረሻ ተሰረዘ፤ ሌሊቱን ወንበር ላይ አነጋሁ። ረቡዕ ከጧቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከዚያ በላይ መጠበቅ እንደማይቻል ተስማምተው፣ ሽማግሌዎቹና ጎረቤቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው በሯን አንኳኩ። እኔ የደረስኩት እኩለ ቀን ላይ ነው። አክስቴ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ድምጿ ጠፍቶ ነበር። ስታየኝ ያለችው «አንተም ደረስክልኝ» ብቻ ነው። እኔ ግን እንዳልደረስኩላት አውቀዋለሁ።

ለዚህ አሊጃንትን አልወቅሰውም። በሳምንት ሁለት ቀን መብረሩ ነው ዋጋውን ያረከሰው፤ በየቀኑ ይብረር ብለን ብንጠይቀው ግማሹ ወንበር ባዶ ሆኖ መስመሩ ይዘጋል። የማያዋጣውን መስመር ለመዝጋትም የሚዘገይ ኩባንያ አይደለም፤ በየትም የሚሰማራ አውሮፕላን ያለው ድርጅት አንድን ከተማ ትቶ መሄድ አይከብደውም። በዚህም የተነሳ ብዙ ከተሞች መስመር አግኝተው ዳግም አጥተዋል።

የምከራከረው ከሌላ ሐሳብ ጋር ነው። ርካሹ አውሮፕላን በመምጣቱ እንደኛ ያሉ ከተሞች የአየር አገልግሎት ጥያቄያቸው ተመልሷል የሚሉ ሰዎች አሉ። አልተመለሰም። በሳምንት ሁለቴ የሚመጣው አውሮፕላን ደስታን አደረሰልን፤ ድንገተኛውን፣ ሐኪም ቤት የሚያስኬደውን፣ መርዶውን ግን አሁንም የምንገዛው በዚያው በውዱ ዋጋ፣ በዚያው በጠመዝማዛው መንገድ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ፍላጎቶች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። ዕለታዊዎቹን በረራዎች የሚያካሂዱት ኩባንያዎች ለአስቸኳይ ኀዘን ይሰጡት የነበረው ቅናሽ በአብዛኛው እየቀረ መምጣቱ ደግሞ ነገሩን አክብዶታል፤ እርሱ ቢመለስ እንደኛ ላለ ቤተሰብ ከማንኛውም አዲስ መስመር ይልቅ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ። እዚህ ያለው የዕድራችን ኮሚቴ በበኩሉ ከየወሩ መዋጮ ላይ ጥቂት ቀንሶ ለአስቸኳይ ትኬት የሚሆን ገንዘብ እንዲይዝ ሐሳብ አቅርቤያለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል።

የአጎቴ አርባ ቅዳሜ ይውላል። በቀን መቁጠሪያው ላይ ከቅዳሜው በፊት ያለው ሐሙስ በሰማያዊ ተከቧል፤ አምስት ትኬት ከመስኮቱ ገዝቻለሁ። ባለቤቴ ትናንት ማታ ሜትሯን አውጥታ ቦርሳዎቹን ስትለካ ነበር።